ፓወር ስቴሽን፣ የክረምት ዝናብና የቡና ብናኝ፦ ከጅማ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው አራት ጥያቄዎች ከጅማ ከተማና ከዙሪያዋ የደረሱን ሲሆኑ፣ ሁሉም የሚያነሡት ባትሪን፣ ኢንቨርተርን (የባትሪውን ኃይል ወደ ግድግዳ ሶኬት ዓይነት 220 ቮልት የሚለውጠውን ክፍል) እና ቻርጀርን በአንድ ሳጥን ስላጣመረውና በተለምዶ «ፓወር ስቴሽን» ስለምንለው ዕቃ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር የጄኔሬተር ጩኸትና የቤንዚን ወጪ የሰለቻቸው ሰዎች ፊታቸውን ወደዚህ ሳጥን ማዞራቸው አያስገርምም። ሳጥኑ ሳሎን ውስጥ እስከተቀመጠ ድረስ ብዙ አያስቸግርም፤ ችግሩ የሚጀምረው ደጅ ሲወጣ ነው።

ጥያቄ፦ «በጅማና በአካባቢዋ በሚደረጉ ሠርጎች ላይ ቪዲዮ እቀርፃለሁ። ለመብራትና ለካሜራ ባትሪ ቻርጅ የሚሆነኝ ፓወር ስቴሽን ልገዛ ስጠይቅ፣ አንድ ሻጭ ካርቶኑ ላይ ‹አይፒ54› የሚል ጽሑፍ አሳይቶኝ ‹ይህ ማለት ዝናብ አይበግረውም፤ ከድንኳን ውጪም ይሠራል› አለኝ። ዋጋው ግን ቁጥር ከሌለው ዕቃ በጣም ይበልጣል። ባልደረባዬ ቁጥር የሌለውን ገዝቶ ሁለት ክረምት አሳልፎበታል። ቁጥሩ ምን ማለት ነው? ልክፈልበት ወይስ ይቅርብኝ?» (ቪዲዮ ቀራፂ፣ ጅማ)

መልስ፦ ሻጩ ፈጽሞ ዋሽቶዎታል ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ቁጥሩ ከሚለው በላይ ጨምሮበታል። «አይፒ» የሚባለው ምልክት በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን 60529 ተብሎ በተሰየመው መስፈርት የተደነገገ ሲሆን፣ የመጀመሪያው አኃዝ ከ0 እስከ 6 ድረስ ስለ ጠጣር ነገርና ስለ አቧራ፣ ሁለተኛው አኃዝ ደግሞ ከ0 እስከ 9 ድረስ ስለ ውሃ ይናገራል። በእርስዎ ዕቃ ላይ 5 ማለት አቧራ ጨርሶ አይገባም ማለት ሳይሆን፣ ቢገባም ሥራውን በሚያደናቅፍ መጠን አይገባም ማለት ነው። 4 ደግሞ ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃ አይጎዳውም ማለት ነው። በአንዱ አኃዝ ቦታ «ኤክስ» ተጽፎ ቢያገኙ፣ ለምሳሌ «አይፒኤክስ4» የሚል፣ ዕቃው አቧራን ስለመቋቋሙ ምንም ማረጋገጫ አልቀረበም ማለት ነውና እንደ ጥሩም እንደ መጥፎም አይቁጠሩት።

የእኛ ቋንቋ ዝናብን በየዓይነቱ ለይቶ ስለሚጠራ የውሃውን አኃዝ ለመረዳት ከማንም በላይ የተመቸን ነን ብል ማጋነን አይሆንብኝም። 1 ከጣሪያ ክፈፍ ቀጥ ብሎ የሚንጠባጠብ ጠፈጠፍ ነው። 3 እስከ 60 ዲግሪ ድረስ አዘንብሎ የሚወርድ ካፊያ ነው። 4 ነፋስ ከየአቅጣጫው የሚያመጣው ፍንጣቂ ሲሆን፣ ውሽንፍር ለምንለው ነገር የሚቀርበው እርሱ ነው። 5 ከ6.3 ሚሊ ሜትር አፍ በደቂቃ 12.5 ሊትር እየተወረወረ የሚመጣ የጎማ ቱቦ ውሃ ነው። 7 ደግሞ በ1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ መጥለቅ ነው፤ ይህን ያለፈ ዕቃ የቱቦውንም ውሃ ይቋቋማል ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው፤ ሁለቱ ለየብቻ የሚፈተኑ ናቸውና ሁለቱንም ያለፈ ዕቃ ሁለቱንም ቁጥሮች ይዞ ይታያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የ4 ፈተና በረጪ አፍ ሲከናወን በደቂቃ 10 ሊትር ውሃ ቢያንስ ለ5 ደቂቃ ይረጫል። ፈተናው የሚደረገው በንጹሕ ውሃ፣ ከፋብሪካ በወጣ አዲስ ዕቃ ላይ ነው። በዓመት በአማካይ ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚወርድባት ጅማ የሐምሌ ዶፍ አንዳንዴ ከአንድ ሰዓት በላይ ሳያባራ ይቆያል፤ በዚያ ላይ የእርስዎ ሳጥን በፒክአፕ ጀርባ ላይ ሲንገላታ ሁለት ዓመት የቆየ፣ የጎማ ክዳኖቹም በፀሐይ የደረቁ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ የምስክር ወረቀት ነው፤ የተሰጠውም ለተፈተነበት ቀንና ለተፈተነበት ሁኔታ ነው። ብዙ አምራቾች ቁጥሩ ያለበት ዕቃ እንኳ ውሃ ገብቶበት ቢበላሽ በዋስትና የማይሸፍኑ መሆኑን ከዚሁ ጋር አያይዘው ያስቡት።

ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ነገር አጣርተው ይጠይቁ። አንደኛው፣ ቁጥሩ የተሰጠው ለማን ነው የሚለው ነው። አንዳንድ ማስታወቂያ በትልቅ ፊደል «አይፒ65» ካለ በኋላ በትንሽ ፊደል «የባትሪ ክፍሉ» ይላል፤ ይህም ማለት ባትሪው በውስጥ በሚገባ ታሽጓል፣ ሶኬቶቹና ኢንቨርተሩ ግን አልታሸጉም ማለት ነው። በአንጻሩ እንደ ብሉቲ ኤሲ60 ያለው፣ 403 ዋት ሰዓት የሚይዝና 600 ዋት የሚያወጣ ዕቃ ቁጥሩን ለራሱ ለሳጥኑ የያዘ ነው። ሁለተኛው፣ የሶኬቶቹ ክዳን ሲከፈት ቁጥሩ ይጸናል ወይ የሚለው ነው። መልሱ ብዙውን ጊዜ አይጸናም ነው። እርስዎ ደግሞ ዕቃውን የሚገዙት ሶኬቱን ከፍተው ሊሰኩበት እንጂ ዘግተው ሊያዩት አይደለም።

በሠርግ ቤት ያየሁትን ልጨምር። ሳጥኑ በፕላስቲክ ወንበር ላይ በክብር ተቀምጦ፣ ከእርሱ የወጣው ማከፋፈያ ሶኬት ግን በረጠበ ሣር ላይ፣ በእንግዶች እግር መካከል ተጋድሞ ነበር። ለቤት ውስጥ የሚሠራው ተራ ማከፋፈያ አይፒ20 ነው፤ ሁለተኛው አኃዝ 0 ነው፤ ከውሃ ምንም ዓይነት መከላከያ የለውም። ከፓወር ስቴሽን የሚወጣው 220 ቮልት ደግሞ ከግድግዳ ሶኬት ከሚወጣው 220 ቮልት በገዳይነቱ አያንስም። ስለዚህ የእኔ ምክር የሚከተለው ነው፦ እርስዎ የሚሠሩት ድንኳን ውስጥ ከሆነ ለቁጥሩ ተጨማሪ ገንዘብ አይክፈሉ፤ ያንኑ ገንዘብ ክዳን ላለው የደጅ ማከፋፈያና ከመሬት ጉልበት ያህል ከፍ ለሚል ጠንካራ ጠረጴዛ ያውሉት። ባልደረባዎ ሁለት ክረምት የዘለቀው ዕድል ረድቶት ብቻ ሳይሆን፣ እንደምገምተው፣ ሳጥኑን የት እንደሚያስቀምጥ ስለሚያውቅ ነው።

ጥያቄ፦ «አባቴ በማና ወረዳ ቡና ያደርቃሉ፤ ጀንፈልም (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ያስፈለፍላሉ። ለኤሌክትሮኒክ ሚዛኑ፣ ለእርጥበት መለኪያውና ለሌሊት ጥበቃ አምፖል አንድ ፓወር ስቴሽን ገዝቼላቸው ነበር። በኅዳር ጥሩ ይሠራ የነበረው በጥር ማራገቢያው ይጮህ ጀመር፤ አሁን ትልቅ ነገር ሲሰካበት ‹ሙቀት› የሚል ምልክት አሳይቶ ይጠፋል። አባቴ ነጠላ አልብሰውት ነበር፤ እርሱም አልረዳ። ምን ይሻላል?» (የልጅ ጥያቄ፣ ጅማ)

መልስ፦ አባትዎ ነጠላውን ያለበሱት በቅን ልቦና ነው፤ ሆኖም ነጠላው ሕመሙን አባብሶታል። ምክንያቱን ለማስረዳት የሳጥኑን አተነፋፈስ ማየት ያስፈልጋል። ኢንቨርተር የባትሪውን ቀጥታ ፍሰት ወደ 220 ቮልት ተለዋዋጭ ፍሰት ሲለውጥ ከኃይሉ የተወሰነው ወደ ሙቀት ይሄዳል፤ ብቃቱ 90 በመቶ ነው ብንል እንኳ 1,000 ዋት ሲያወጣ በውስጡ ከ100 ዋት በላይ ሙቀት ይቀራል። ይህን ሙቀት ለማስወጣት ማራገቢያው በአንድ ጎን አየር ይስባል፣ በሌላው ጎን ይተፋል። አየሩ የያዘውን ሁሉ አብሮ ይስባል። በቡና ማድረቂያ አልጋ አጠገብ አየሩ የሚይዘው ደግሞ የጀንፈል ገለባ ብናኝ፣ የፍሬው ስስ ሽፋንና የጅማ ቀይ አፈር ነው።

ይህ ብናኝ ፈተናው ላይ ከሚነዛው አቧራ ይለያል። በመስፈርቱ የሚደነገገው ደረቅና የማይጣበቅ የታልክ ዱቄት ሲሆን፣ 75 ማይክሮን ቀዳዳ ባለው ወንፊት አልፎ እስከ 8 ሰዓት ይነፋበታል። የገለባ ብናኝ ግን እርጥበት ይስባል። በጥርና በየካቲት በሙቀት ማስወጫ ክንፎቹ መካከል ተነጥፎ ሙቀቱን ያፍናል፤ መጋቢት ላይ ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ አየሩ ውስጥ ያለውን እርጥበት ይዞ በኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ላይ ስስ ጭቃ ይሆናል፤ በዚያም ጭቃ ላይ ፍሰት ሊሾልክ፣ መዳቡም ሊዝግ ይችላል። ክረምት ላይ የሚበላሹ ብዙ ሳጥኖች በሽታቸውን የያዙት በበጋ ነው የምለው ለዚህ ነው።

መጽዳቱን በተመለከተ፣ ዕቃውን አጥፍተውና ሁሉን ነቅለው፣ በደረቅና ለስላሳ የቀለም ብሩሽ የአየር መግቢያውን ከታች ወደ ላይ ይጥረጉት፤ ቫኪዩም ክሊነር የሚያውስ ጎረቤት ካለ መግቢያው ላይ ደግኖ ብናኙን መሳብ ከሁሉ የተሻለ ነው። እርጥብ ጨርቅ አያስጠጉት። አንድ የማውቀው ልማድ አለ፤ ዕቃውን ወደ ጎሚስታ ቤት ወስዶ በጎማ መንፊያው ኮምፕሬሰር ማስነፋት። ይህን አያድርጉ። የኮምፕሬሰሩ በርሜል ውሃና ዘይት ያጠራቅማል፤ ያንን ከብናኙ ጋር አደባልቆ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ማራገቢያውንም ከልኩ በላይ አሽከርክሮ ይሰብረዋል። ከተጠረገ በኋላም የሙቀት ምልክቱ ካልጠፋ ውስጡ መጽዳት ስላለበት ወደ ባለሙያ ይውሰዱት፤ ካቻቪቴ ይዘው ራስዎ እንዳይከፍቱት፣ ዕቃው ቢጠፋም ባትሪው አይጠፋምና።

ቦታውን በተመለከተ፣ ሳጥኑ ከመፈልፈያው ማሽን ነፋስ በሚመጣበት በኩል ቢቀመጥ ብናኙ ይርቀዋል። ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ጎኖቹ ክፍት ሆነው ጣሪያ ብቻ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ከግድግዳውም ቢያንስ አንድ ስንዝር ርቆ ይቀመጥ። ከሁሉ በላይ ግን ገመዱን ያርዝሙ፤ ሚዛኑ ብናኙ ውስጥ ይሁን፣ ሳጥኑ 20 ሜትር ርቆ በቤት ውስጥ ይቀመጥ። ሚዛንና አምፖል የሚወስዱት ኃይል ትንሽ ስለሆነ ረጅም ገመድ አያስቸግራቸውም።

አባትዎ ሳጥኑን የግድ ከመፈልፈያው አጠገብ የሚያኖሩት ከሆነ፣ ለመጀመሪያው ጠያቂ «አይክፈሉ» ያልኩትን ለእርሳቸው «ይክፈሉ» እላለሁ። የመጀመሪያ አኃዙ 6 የሆነ ዕቃ አቧራ ጨርሶ የማያስገባ ሲሆን፣ ሙቀቱን የሚያስወጣው ወይ በራሱ የብረት ግድግዳ በኩል፣ ወይ ማራገቢያውን ከኤሌክትሮኒክሱ በተለየ ቦይ ውስጥ አድርጎ ነው። በዚህም ምክንያት ለተመሳሳይ ጉልበት ከበድ ይላል፣ ዋጋውም ይንራል፤ ሆኖም በዚያ ቦታ ገንዘቡን የሚመልስ ይመስለኛል።

ዝናብ ሳይነካው ስለሚደርስ ጉዳት አንድ የራሴን ነገር ልናገር። አንድ ክረምት ሳጥኔን በበረንዳ ላይ፣ በባዶ ሲሚንቶ ወለል ላይ አስቀምጬ ረስቼው ነበር። ጠብታ አልነካውም። መስከረም ላይ የጎማ ክዳኑን ገልጬ ሳየው ግን የ12 ቮልቱ የመኪና ሶኬት የናስ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ ነበር። ሲሚንቶው ከታች እርጥበት ይሰጣል፤ ሌሊት የቀዘቀዘው ሳጥን ጠዋት ሞቃት አየር ሲያገኘው ደግሞ ቀዝቃዛ ጠርሙስ እንደሚያልበው በውስጡ ጤዛ ይይዛል። ከዚያ ወዲህ ከሥሩ ጣውላ አደርግለታለሁ፤ ሌሊት ደጅ ያደረውንም ሙቅና እንፋሎት ያለበት ክፍል ውስጥ እንደገባ ሳልከፍተው ሁለት ሰዓት ያህል አቆየዋለሁ።

ጥያቄ፦ «ወንድም ዓለም፣ እኔ በመንገድ ዳር ጀበና ቡና እሸጣለሁ። ማታ አምፖል የማበራበትና ለደንበኞች ስልክ ቻርጅ የማደርግበት ትንሽ ፓወር ስቴሽን አለኝ። ባለፈው ሳምንት በባጃጅ ይዤው ስሄድ ዝናቡ በጎን ገብቶ አበሰበሰው። ቤት ወስጄ ሦስት ቀን ሩዝ ውስጥ ቀበርኩት። አሁን ሳበራው ይበራል፤ ባትሪው 40 በመቶ ይላል። ቻርጅ ላድርገው ወይ? ልጆች ስላሉኝ ፈራሁ።» (ቡና ሻጭ፣ ጅማ)

መልስ፦ እኅቴ፣ የፈሩት በከንቱ አይደለም፤ ቻርጅ አያድርጉት። አሁኑኑም አጥፍተው፣ የተሰካውን ሁሉ ነቅለው፣ ልጆቹ ከሚተኙበት ቤት አውጥተው፣ ጣሪያ ባለው ነገር ግን ከግድግዳ፣ ከማገዶና ከጋዝ ሲሊንደር በራቀ ቦታ ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ላይ ያስቀምጡት። የሲሚንቶው እርጥበት ለጊዜው ግድ አይሰጠንም፤ አሁን የምንፈራው እሳትን ነው።

መብራቱ ደኅንነቱን አያሳይም። የዝናብ ውሃ በጣሪያና በሸራ ላይ ሲወርድ ቆሻሻ ይዞ ይገባል፤ ውሃው ሲደርቅ ቆሻሻውና ማዕድኑ በቦታው ይቀራል፤ ባትሪው ደግሞ ዕቃው ቢጠፋም ምንጊዜም ኃይል የያዘ በመሆኑ ዝገቱ በቀናት ውስጥ ይቀጥላል። ዛሬ የሠራ ሳጥን ከሳምንት በኋላ፣ በተለይ ቻርጅ ላይ ሳለ፣ በውስጡ አጭር ዙር (ሾርት) ፈጥሮ ሊግል የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። ሩዙን በተመለከተ፣ ከአየር ይልቅ ሩዝ ያደርቃል የሚባለው ልማድ እንጂ እውነት አይደለም፤ አፕል እንኳ የራሱን ስልክ ሩዝ ውስጥ እንዳያስቀምጡ፣ ጥቃቅን ቅንጣቶች እንደሚጎዱት በመመሪያው ይመክራል። ማራገቢያ ባለው ሳጥን ደግሞ የሩዙ ዱቄት በቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል።

ቀጥሎ የሚያደርጉት፣ ሳጥኑን ከፍቶ ሰሌዳውንና የባትሪውን መገጣጠሚያ ማየት ወደሚችል ባለሙያ መውሰድ ነው፤ ውሃ እንደገባበትና ሩዝ ውስጥ እንደቆየ አይሸሽጉት። በመሐሉ ሳጥኑ ቢያብጥ፣ ሳይሰካበት ቢሞቅ፣ ጣፋጭ የመሰለ ወይም የሚያፍን ሽታ ቢያወጣ፣ ቢያፏጭ አይንኩት፤ ሰው አርቀው እሳት አደጋ ይጥሩ። ጭሱ መርዛም ነውና ለማየት አይጠጉ። ባለሙያው የባትሪ ክፍሉ ደርቆና ሳይነካ ተርፏል ካለዎት፣ የመጀመሪያውን ቻርጅ በቀን፣ ደጅ፣ እርስዎ ባሉበት ያድርጉት፤ ልጆቹ በተኙበት ሌሊት ግን በፍጹም አያድርጉት።

ለወደፊቱ በባጃጅ ሲጓጓዝ አጥፍተውት ከሆነ በላስቲክ መጠቅለል ይፈቀዳል፤ ሙቀት የሚያመነጨው ሲሠራ ነውና። እንደደረሱ ግን ላስቲኩን ሳይገፍፉ አያብሩት። ሥራ ላይ ያለን ፓወር ስቴሽን በላስቲክ መጠቅለል ከነጠላውም የባሰ ነው።

ጥያቄ፦ «የሶላር ፓኔሉን ዝናብ ሲመጣ ማንሣት አለብኝ?» (አንባቢ፣ ጅማ)

መልስ፦ በአብዛኛው አያስፈልግም፤ ፓኔሉ ራሱ ከሳጥኑ የተሻለ ውሃ ይችላል፤ ከጀርባው የዩኤስቢ መውጫ ያለው ተጣጣፊ ዓይነት ከሆነ ግን መውጫው ስለማይችል ያንሡት። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ገመዱ ነው። ከፓኔሉ ወደ ሳጥኑ ቁልቁል ቀጥ ብሎ የወረደ ገመድ ውሃውን እንደ ቦይ እየመራ በቀጥታ ሶኬቱ ውስጥ ያፈስሰዋል። ገመዱ ሳጥኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ እንደ ከረጢት ይንጠልጠልና ከዚያ ወደ ላይ ተመልሶ ይሰካ፤ ውሃው ከታችኛው ጉብጠት ላይ ወደ መሬት ይንጠባጠባል።